በቀን ሠላሳ አራት ጊዜ የሚወድቁት ሰው

መጀመሪያ የነገረኝ አዲስ አበባ ያለው ኢንጂነር ነው። ደውሎ ስለ ጤናዬ ጠየቀ፤ ስለ እናቴ ጠየቀ፤ ጅማ እየዘነበ እንደሆነ ጠየቀ። ሁሉንም ከመለስኩለት በኋላ፣ «አንዱ ታካሚሽ በቀን ሠላሳ አራት ጊዜ ይወድቃል» አለኝ።

የትኛው እንደሆነ ጠየቅኩት። ኢንጂነሩ ታካሚዎቹን በቁጥር እንጂ በስም አያውቃቸውም። ቁጥሩን ሲነግረኝ መዝገቤን ገለጥኩና የሰርቦው ልብስ ሰፊ ሆነው አገኘኋቸው። ምናልባት አንድ ክፉ ቀን ገጥሟቸው ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። አይደለም፣ ሰባቱንም ቀን ነው አለኝ፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ከዚያ ይበልጣል። እኔ ያኔ የወደቁ ሰዎችን እያነሳሁ ስድስት ዓመት የሠራሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበርኩ። በቀን ሠላሳ አራት ጊዜ እየወደቀ ከርሞ፣ በሳምንቱ መጨረሻ መሣሪያውን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሎ «አመሰግናለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

የመሣሪያውን ነገር ላስረዳ። የምሠራበት ክፍል በሆስፒታሉ ግቢ ጫፍ ላይ ያለ፣ ድሮ የፍራሽ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መራመጃ ብረቶቻችንን የሠራልን የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ ብረት በያጅ ስለሆነ፣ ታካሚዎቻችን መራመድ የሚለማመዱት በሁለት የብረት ሐረግ መሐል ነበር። ከቡና ዛፍ የወደቁ፣ ከሞተር ሳይክል የወደቁ፣ ደም ግፊት ግማሽ አካላቸውን የመታቸው ሰዎች ይመጣሉ። እንቅስቃሴ እናሳያቸዋለን፤ ቤታቸው ሄደው እንዲሠሩት እንነግራቸዋለን። በሁለተኛው ሳምንት ሲመለሱ «ሠርተዋል?» ብለን እንጠይቃለን። ሁሉም ሠርተዋል። አልሠራሁም ያለኝ ሰው አላስታውስም። እግራቸው ግን እንደሄደ ነው የሚመለሰው።

ከውጭ አገር የመጡ አንድ ፕሮፌሰር ለዚህ መላ አመጡ። ታካሚው ቤቱ ምን እንደሚሠራ ታካሚውን ሳይጠይቁ ማወቅ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ሴንሰር በቀበቶ ወገብ ላይ ትታሰራለች፤ ሰውየው ይተኛ፣ ይቀመጥ፣ ይቁም፣ ይራመድ፣ ይውደቅ ትለያለች። ከሰባት ቀን በኋላ እኔ ሰብስቤ በኮምፒውተር እገለብጣለሁ፤ ኢንተርኔት ያለ ቀን ለኢንጂነሩ እልካለሁ፤ እሱ በቀለም የተሠራ ሥዕል መልሶ ይልክልኛል። ሕዝቡ «ቆጣሪ» አላት። አንዲት የሸቤ ሴትዮ መብራት ሲጠፋ ይህችም ትጠፋ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አትጠፋም አልኳቸው፤ ከመብራቱ ትሻላለች ማለት ነው አሉ።

ከመሣሪያው ጋር የሚሞላ ቅጽ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «በቤትዎ ስንት ደረጃ ይወጣሉ?» የሚል ነው። በጅማ፣ በሰርቦና በሸቤ እየዞርኩ ለሁሉም ጠየቅኩ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። መንደራ ቆጪ ሰፈር ያሉ አንድ ጡረተኛ ብቻ ጥቂት አሰቡና ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሁለት ደረጃ እንዳለ ነገሩኝ።

የቀበሌ ነገር ከተነሳ፣ ጊዜው ጎረቤት ከጎረቤቱ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ስብሰባ የሚጠራበት ዘመን ስለነበር፣ ሰው ወገብ ላይ ያለ ነገር ሳይታይ አይቀርም። ከምዞርባቸው ሰፈሮች ባንዱ የቀበሌው ሹም አስጠሩኝ። መሣሪያው ንግግር ይሰማ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይሰማም አልኩ። ምንም አይሰማም? ምንም አይሰማም። ማህተም ያለው ደብዳቤ አምጪ ተባልኩና ከሆስፒታሉ አጽፌ አመጣሁ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው መሳቢያቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ፣ በስብሰባ ላይ የሚተኙ ሰዎችን መለየት ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። መቀመጥንና መተኛትን ይለያል፣ ተቀምጦ የሚተኛን ግን ተቀመጠ ነው የሚለው አልኳቸው። እንግዲያው አይጠቅመንም ብለው አሰናበቱኝ።

ልብስ ሰፊው ከስድሳ ዓመት ያለፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ደም ግፊቱ የመታቸው ሱቃቸው ውስጥ ሱሪ ሲቆርጡ ነው። መጀመሪያ ጨርቁን የያዘው ግራ እጃቸው ለቀቀ፣ ቀጥሎ ግራ እግራቸው፣ ከዚያ ሰውየው እንዳሉ ወደቁ። እኔ ጋ ሲመጡ ሁለት ልጆቻቸው ደግፈዋቸው ነበር። በሦስት ወር ውስጥ በከዘራ መራመድ ጀመሩ። ግራ እጃቸው ግን አልሠራ አለ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት ይረሱታል። በግራ ብርጭቆ ያንሱ፣ በግራ ቁልፍ ይቆልፉ እያልኩ ስለምናቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ፤ ያነሱትም የቆለፉትም በቀኝ ነው።

ሌላም «እሺ» ያሉኝ ነገር ነበር። መሬት ላይ ወርደው ሲነሱ እንዳይወድቁ ስለፈራሁ፣ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲሰግዱ ነገርኳቸው። ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ ሰምቻለሁ ብዬ ጨመርኩ። ይፈቀዳል ልጄ፣ አሉ። በመዝገባቸው ላይ «ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

እንግዲህ ኢንጂነሩ የላከልኝን ሥዕል ይዤ ሦስት ቀን አሰብኩ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ መስመር ነው። ሰማያዊው መቀመጥ፣ አረንጓዴው መራመድ፣ ቀዩ መውደቅ። ቀዮቹ ተበታትነው ሳይሆን ተሰባስበው ነው የሚታዩት። ከየስብስቡ በፊት ደግሞ ነጭ ክፍተት አለ፤ ሰውየው መሣሪያውን የፈቱበት ጊዜ ማለት ነው። ይፈታሉ፣ ያስራሉ፣ ይወድቃሉ፤ እንደገና ይፈታሉ፣ ያስራሉ፣ ይወድቃሉ። ፕሮፌሰሩ በኢሜይል የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ይታዩ ብለው ጻፉ። በአራተኛው ቀን በሚኒባስ ሰርቦ ሄድኩ።

የቡና ወራት ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና በሸራ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች በእጃቸው ያገላብጡታል። የልብስ ሰፊው ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። ባለቤታቸው በሩ ላይ ተቀበሉኝ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ቢሆንም ኦሮምኛዬ የገበያና የሥራ ነው፤ እግር ያንሱ፣ እጅ ይዘርጉ፣ ስንት ነው፣ ቀንሱ። በዚያው ኦሮምኛ ባለቤትዎ ይወድቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አይወድቁም አሉኝ። አነጋገሬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በአማርኛ ደገምኩላቸው። በአማርኛም አይወድቁም አሉኝ።

ልብስ ሰፊው ወንበራቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ጭረት የለም። ሻይ መጣልን። ብርጭቆውን ያነሱት በግራ እጃቸው ነው። እየተንቀጠቀጠ፣ ግማሹን በሳህኑ ላይ እያፈሰሱ፣ ግን በግራ። ሦስት ወር የለመንኩት ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ወዲያው ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩት። ከዚያ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባሁ።

እንደሚወድቁ እንደማውቅ፣ መውደቅ እንደማያሳፍር፣ መደበቅ ግን እንደሚጎዳ ነገርኳቸው። አልወደቅኩም አሉ። ሠላሳ አራት ጊዜ አልኩ። ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸውም እሳቸውን አዩ። ሰው እየሳተ እንደሆነ የሚያስቡ ሰዎች የሚተያዩት አስተያየት ነበር፤ የሳትኩት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው።

መነጽራቸውን አስመጥተው አደረጉ። ሰው ልብስ ሊያሰፋ ያመጣውን ጨርቅ እንደሚያዩ አድርገው ዳርና ዳሩን አዩት። ጠዋቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀዮች ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው ቆጠሩ። አራት። ቀጥለው ስምንት፣ ስምንት፣ ስድስት፣ ስምንት። ነጩ ምንድን ነው አሉ። መሣሪያውን የፈቱበት ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ሱብሂ ነው» አሉኝ። ጣታቸውን ወደ ቀኝ ወሰዱ። «ይሄ ዙሁር፣ ይሄ አሱር፣ ይሄ መግሪብ፣ ይሄ ኢሻ። ነጩ ውዱእ ሳደርግ ነው። ውሃ እንዳይነካው ብለሽ የለ?»

 ሠላሳ ምናምን ዓመቴን በሙሉ በቀን አምስት ጊዜ አዛን እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሰዓት የምትለካብኝ በዚያ ነበር። ወረቀቱን ደግሞ ሦስት ቀን ታቅፌው ነበር። ፕሮፌሰሩም አይተውት ነበር፣ ኢንጂነሩም አይቶት ነበር። አንድ ሶላት ላይ ስንት ጊዜ ግንባር መሬት እንደሚነካ የሚያውቅ ሰው ቢያየው፣ በሩ ላይ ቆሞ በነገረን ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሌላው ነገር ለሁለታችንም ገባን። ወንበር ላይ እንዲሰግዱ ተስማምተን ነበር። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«እሺ ያልኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አሉ። «ዕቃው እንዲህ ተሸክሞ የሚነግርሽ መሆኑን ባውቅ መጀመሪያውኑ እምቢ እልሽ ነበር።»

 ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ ልወቅ ብዬ ነው ያሰርኩባቸው። ሰውየው በየትኛው ሰዓት ከፈጣሪያቸው ፊት እንደሚቆሙ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደፉ፣ የትኛውን ቀን ከግዴታው በላይ ሱና እንደጨመሩ አውቄ፣ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ልኬ፣ በሽታ ነው አስብዬ ነው የመጣሁት። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ለየቱ እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ከዚያ እንዴት እንደጀመሩ ነገሩኝ። አንድ ወር ያህል በእርግጥ ወንበር ላይ ሰግደዋል። የመስጊዱ ሼኽም ይፈቀዳል ብለዋቸዋል። ነገር ግን በሰገዱ ቁጥር በገዛ ቤታቸው እንግዳ የሆኑ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አልጋ ላይ ተንበርክከው ሞከሩ። በሳምንቱ ፍራሹን አወረዱና ሁለት እጥፍ አድርገው ሞከሩ። ከዚያ አንድ እጥፍ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ። ሲነሱ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ይይዛሉ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ስለ ኮት አቆራረጥ እንደሚያስረዱ ተረጋግተው ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ለአንድ ታካሚ እንዲህ ያለ ሥልጠና ላውጣ ብል፣ አንድ ወር አስቤ፣ ሁለት ረዳት አቁሜ፣ መጨረሻ ላይ ፈርቼ እተወው ነበር።

ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ስነሳ ባለቤታቸው ከበሩ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እሳቸው ዝም በይ አሏቸው። ሴትየዋ ዝም አላሉም፤ እኔ እንድሰማ ብለው ወደ አማርኛ አዞሩት። በመለኪያው ሳምንት መጨረሻ፣ ጁምዓ ዕለት ጓሮ፣ መታጠቢያው ድንጋይ ላይ አንሸራቷቸው ወድቀዋል። በቀኝ እጃቸው ነው መሬቱን የመቱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊት ያቃስታሉ።

መሣሪያውስ የት ነበር አልኩ። መስኮት ላይ፣ አሉ ልብስ ሰፊው። ውሃ እንዳይነካው።

በዚያ ሳምንት መሣሪያዬ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ውድቀት፣ ሱናው ሲጨመር ከዚያ በላይ፣ መዝግቦ ነበር። ሰውየው የወደቁት አንድ ጊዜ ነው። እሱን አልመዘገበም።

ያን ጊዜ የሻዩ ነገር ገባኝ። ጋቢውን ገለጥኩት። ቀኝ አንጓቸው አብጦ ጠቁሯል። ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ላቡ በግንባራቸው ችፍ አለ። ደብተሬን አወጣሁና «በግራ እጅ ብርጭቆ አነሱ፤ ጥሩ ለውጥ» የሚለውን ሰረዝኩት።

በዚያው ቀን በሚኒባስ ጅማ ይዣቸው ተመለስኩ። ራጁ ስንጥቅ አሳየ፤ ከጣታቸው ሥር እስከ ክርናቸው ጄሶ ተደረገላቸው። ለስድስት ሳምንት በቀኝ ምንም እንዳያነሱ ተነገራቸው። «እሺ» አሉ፤ በዚህኛው ግን ምርጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ ግራ እጃቸው በላ፣ አጠበ፣ ቆለፈ፣ ብርጭቆ አነሳ። ጄሶው ሲፈታ ግራ እጃቸው እኔ በሦስት ወር ያላመጣሁትን ለውጥ አምጥቶ ነበር። ለፕሮፌሰሩ ስጽፍላቸው፣ በእሳቸው አገር ደህናውን እጅ ሆን ብሎ አስሮ የታመመውን ማሠራት የታወቀ ሕክምና ነው ብለው መለሱልኝ። እኛ ጋ መታጠቢያ ድንጋይ ያደርገዋል ብዬ አልጻፍኩላቸውም።

ጄሶው እንዳለ ሁለተኛው የመለኪያ ሳምንት ደረሰ። በአንድ እጅ መሬት ወርዶ መነሳት ስለማይሆን ልብስ ሰፊው በዚያ ሰሞን ወንበር ላይ ነበር የሚሰግዱት፤ አልወደዱትም፣ ግን አደረጉት። መሣሪያውን አስሬ፣ በሳምንቱ ፈትቼ ላክሁ። ኢንጂነሩ ደወለ። ይህን ጊዜ ስለ እናቴ ሳይጠይቅ ነው የጀመረው። ዜሮ ሆኗል፣ ሰውየው ድነዋል አለኝ። ፕሮፌሰሩም ለክፍላችን የእንኳን ደስ ያላችሁ ደብዳቤ ላኩ። ሰውየው እጃቸው ተሰንጥቆ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ መሬት መውረድ ተስኗቸዋል፤ በቀለሙ ሥዕል ላይ ግን ጤነኛ ናቸው።

ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀዩ ውድቀት አይደለም፣ ሶላት ነው፤ ሰውየው ካሳዩት መሻሻል ትልቁ እሱ ነው፤ የጠፋውም ተሽሏቸው ሳይሆን ብሶባቸው ነው አልኩ። ኢንጂነሩ መልካም ልጅ ስለሆነ ነገሩን በቀላሉ አልተወውም። ፕሮግራሙ መስገድንና መውደቅን እንዲለይ ማስተማር ይቻላል፣ ለዚያ ግን አንድ ሰው ሲሰግድ መሣሪያውን አስሮ በካሜራ መቀረጽ አለበት አለ። ጄሶው ከተፈታ በኋላ ካሜራውን ይዞ ራሱ መጣ። ሰርቦ ወሰድኩት።

ልብስ ሰፊው በክብር ተቀበሉት፤ ምሳ አበሉት። ካሜራው በሦስት እግሩ ከቆመ በኋላ የሚፈልገውን አስረዳቸው። የሶላት ሰዓት መድረሱን መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም፣ ለማሳየት ያህል ሁለት ሦስት ጊዜ ወርደው ቢነሱ ይበቃል አለ። ጨርሰው አዳመጡት። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱለት።

«እኔ የምሰግደው ለአላህ ነው፣ ወንድሜ። ለዚህ ዕቃ ብዬ ከወረድኩ ስግደት አይደለም፣ መውደቅ ነው። ያን ጊዜ ዕቃችሁ ያለው እውነት ይሆናል።»

ኢንጂነሩ ካሜራውን አጣጠፈ። አልተከራከረም። በመንገድ ላይ ስንመለስ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የማስገባበት ቦታ የለኝም አለኝ።

እኔ በዚያው ሰሞን አንድ ነገር አደረግኩ። የስቅለት ዕለት መሣሪያውን በቀሚሴ ሥር ወገቤ ላይ አስሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም። ከጠዋት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ሰገድኩ። ከቀትር በኋላ ጉልበቴ ሲዝል፣ ስንት እንደሰገድኩ መቁጠር ተውኩ፤ እንደሚቆጠርልኝ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፈርኩ። ካህኑ በወይራው ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገው ተጨማሪ ስግደት ሲያዝዙኝ ያንንም ጨመርኩ። ለዕቃው ነው ወይስ ለእግዚአብሔር የሰገድኩት? ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም።

ከበዓሉ በኋላ ለኢንጂነሩ ላክሁለት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ወድቀሻል አለኝ። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ጉልበቴን ነው አልኩት።

ለልብስ ሰፊው ስነግራቸው ቁጥሩን አስደገሙኝ። በአንድ ቀን ወይ አሉ። በአንድ ቀን፣ በዓመት አንዴ አልኳቸው። እግዚአብሔር ይቀበልሽ ካሉኝ በኋላ፣ እሳቸው ያን ያህል ቢሰግዱ ያኔ በእርግጥ እንደሚወድቁ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ሲስቁ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ያን ቀን አወራረዳቸውን ሳልመለከት አልሄድም አልኩ። ለመሣሪያው አይደለም፤ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሲነኩት የሚነቃነቅ መሆኑን ስላየሁ ነው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጓዳ በር ላይ እንድቆም ፈቀዱልኝ፣ መሣሪያ አልነበረም። ከጨረሱ በኋላ ደህናውን ጉልበት አስቀድመው እንዲያሳርፉ፣ ሲነሱም በጠረጴዛው ፈንታ ግድግዳው ጋ በተጠጋ የእንጨት ዱካ እንዲደገፉ አሳየኋቸው። ሞክረውት ዱካው አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ቢሄድ ይሻላል አሉ። አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ አደረግነው፤ እውነትም ተሻለ። ጓሮ ያለውን መታጠቢያ ድንጋይ ልጃቸው በሲሚንቶ አሻከረው፣ መያዣ እንጨትም ተከለበት።

ሥራቸውን በዚያው ዓመት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰፉት ለእኛ ነው። ቀበቶዎቹ የታካሚዎቻችንን ወገብ ይልጡ እንደነበር ከራሳቸው ስላዩ፣ ከኮት ገበር በተረፈ ጨርቅ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለስላሳ ከረጢት ሠሩለት። ስፌቱ በግራ በኩል ትንሽ ይዛባል። ፕሮፌሰሩ አንዱን ለማስታወሻ ወሰዱ።

ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያዎቹ ተቆጥረው ተመለሱ። ኢንጂነሩ በመጨረሻው የፕሮግራሙ እትም አንድ አዲስ ቀለም ጨምሮ ነበር፤ ግራጫ ነው፤ ስሙ «ሌላ»። የልብስ ሰፊው ሶላት በሪፖርቱ ውስጥ «ሌላ» ተብሎ ገባ። የእኔ ስቅለት አልገባም፣ ታካሚ ስላልነበርኩ። ቅጹን ለእኔ ክፍል ለብቻዬ አሻሻልኩት፤ ስለ ደረጃ የሚጠይቀውን አወጣሁና መሬት ላይ ወርደው ምን ይሠራሉ የሚል አስገባሁ። ሰው መሬት ላይ የሚሠራው ብዙ ነው። ቡና ይለቅማል፣ ሽንኩርት ይልጣል፣ ልጅ ያጥባል፣ ይጸልያል፣ መጸዳጃ ቤትም ቁጢጥ ይላል። መስመሩ አልበቃ ስላለኝ ጀርባውንም ተጠቀምኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስሄድ ቀኑ ኢድ ሆነ። ሰርቦ ስንደርስ ሰዉ ከሜዳው ተርፎ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፎ ስለነበር ቆምን። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀላቀለ። ከተሳፋሪው የቀረነው አራት ነበርን። ልብስ ሰፊው እዚያ እንደሚሆኑ ባለቤታቸው ነግረውኝ ስለነበር በመስኮቱ ፈለግኳቸው። ከዘራ የተጋደመበትን ቦታ ሁሉ አየሁ፤ ብዙ ከዘራ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ሲደፉ ጀርባ እንጂ ፊት አይታይም። ሲነሱም ከኋላ አንድ ናቸው፤ እሳቸውን አልለየኋቸውም። ሾፌሩ ተመልሶ ጫማውን አጠለቀና ኢድ ሙባረክ ብሎን ሞተሩን አስነሳ።